ተነሥቶ ወዲያው የሚጠፋ ሞተር፤ ምክንያቱና መፍትሔው

ጧት ሱቅ ከመከፈቱ በፊት፥ ዕቃ የተጫነበት መኪና በበር ላይ ቆሞ ሳለ፥ ሾፌሩ ቁልፉን ያዞራል፤ ሞተሩም ያለ ችግር ይነሣል። ነገር ግን የሾፌሩ እጅ ከቁልፉ ወደ ማርሹ ሳይደርስ ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ይጠፋል። ሁለተኛ ይሞከራል፤ እንደዚያው ይሆናል። በአራተኛውና በአምስተኛው ጊዜ ባትሪው ይደክምና መካኒክ ይጠራል። መካኒኩ «መኪናው ምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አልነሣ አለ» የሚል ነው። ይህ መልስ ትክክል አይደለም። አልነሣም ያለ ሞተርና ተነሥቶ የጠፋ ሞተር ሕመማቸው የተለያየ ስለ ሆነ፥ በዚህች በአንዲት ቃል ስሕተት ምክንያት ብዙ ገንዘብ ያለ አገባብ ይወጣል።

ጉዳዩ ለነጋዴ ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በመንግሥት ተወሰነ። ከዚህ የተነሣ በእጅ ያለውን የቤንዚን መኪና ሸጦ በአዲስ መተካት አስቸጋሪ ሆኖ፥ በአገር ውስጥ ያሉት መኪናዎች ዕድሜ እየገፋ ሄዷል። መለዋወጫ አስመጪውም፥ ቸርቻሪውም፥ ባለመኪናውም የሚገናኙት ከአሮጌ ሞተር ጋር ነው ማለት ነው። ያለ ምርመራ የተገዛ ዕቃ ደግሞ ለሻጩ የአንድ ቀን ሽያጭ ቢሆንም፥ ከሳምንት በኋላ በባንኮኒው ላይ ጠብ ሆኖ ይመለሳል።

የቤንዚን ሞተር ለመሥራት ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም አየር፥ ቤንዚንና የእሳት ብልጭታ ናቸው። 1 ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ከዚህ ሲበዛ ድብልቁ ቀጠነ፥ ቤንዚኑ ሲበዛ ደግሞ ወፈረ ይባላል። ሞተሩ በሚነሣበት ሰዓት ግን ይህ መጠን አይጠበቅም። ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን በብዛት ይሰጠዋል፤ ሞተሪኖው በባትሪው ኃይል ያዞረዋል፤ በአንዳንድ አሮጌ መኪናዎችም ለካንዴላዎቹ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በተለየ መንገድ በርትቶ ይላክለታል። ቁልፉ እንደ ተለቀቀ ይህ ርዳታ ይቀርና ሞተሩ በራሱ ጉልበት እንዲዞር ይተዋል። እንግዲህ ተነሥቶ የጠፋ ሞተር፥ መጀመሪያ ላይ ሦስቱም ነገሮች እንደ ነበሩት በመነሣቱ አስረድቷል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከሦስቱ አንዱ ጐድሎበታል። የትኛው እንደ ጐደለ የሚያመለክተው በመነሣቱና በመጥፋቱ መካከል ያለው የጊዜ ርዝመት፥ እንዲሁም የአጠፋፉ ሁኔታ ነው። ስለዚህ ባለመኪናው ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት የእጅ ሰዓቱን ቢመለከት ይሻለዋል።

ቁልፉ በማስነሻው ቦታ ተይዞ ሳለ ሞተሩ የሚሠራ፥ ቁልፉ ሲለቀቅ ግን በዚያው ቅጽበት የሚጠፋ ከሆነ፥ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ኤሌክትሪኩ ነው። ፑንቲና ባላቸው በብዙ የቀድሞ መኪናዎች ወደ ቦቢናው የሚሄደው ኤሌክትሪክ ሁለት መንገድ አለው፤ ሞተሩ በሚነሣበት ጊዜ ከባትሪው በቀጥታ ይሄዳል፤ ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ ግን ጉልበቱን በምትቀንስ አንዲት ሬዚስታንስ በኩል ያልፋል። ያቺ ሬዚስታንስ ተቃጥላ እንደ ሆነ ሁለተኛው መንገድ ተዘግቷልና ሞተሩ ይጠፋል። መፍትሔውም ያችን ትንሽ ዕቃ መለወጥ ብቻ ነው። በእርስዋ ፈንታ ሽቦ በቀጥታ አገናኝቶ መሄድ፥ ምንም እንኳ ሞተሩን ቢያሠራው፥ ፑንቲናውንና ቦቢናውን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያቃጥላል። በኋለኞቹ መኪናዎች ይኸው ምልክት የታየ እንደ ሆነ፥ በቁልፍ ማስገቢያው ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መገናኛ ማለቁን ወይም የአንድ ሪሌ መበላሸትን ያመለክታል። የመጋዘኑን፥ የሱቁንና የካዝናውን ቁልፍ ሁሉ ከመኪናው ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት የሚያንጠለጥል ነጋዴ፥ ክብደቱ ይህን መገናኛ ያለ ጊዜው እንደሚያስረጀው ይወቅ።

ሞተሩ በደንብ ተነሥቶ፥ አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ሠርቶ፥ ሳይንቀጠቀጥ ቀጥ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ፥ በዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ሥዕል ያለበት መብራት ብልጭ ድርግም ይል እንደ ሆነ መመልከት ይገባል። ይህ ሌባን ለመከላከል የተሠራ መሣሪያ ነው፤ በቁልፉ ራስ ውስጥ የተቀበረችውን ትንሽ ቺፕ ካላወቃት ቤንዚኑን ይቈርጣል። በብዙ የቮልስዋገን መኪናዎች አሠራሩ እንዲህ ሲሆን፥ ሌሎች ፋብሪካዎች ደግሞ ሞተሩን ከነጭራሹ እንዳይነሣ ያደርጉታል። በሁለተኛው ቁልፍ ሞክሮ ማየት ምንም ወጪ የለውም። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሁለቱንም ቁልፎች ሳይቀበል ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ መክፈል የሌለበትም ስለዚህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ዘወትር የሚያጋጥመው ግን ሌላ ነው። ሞተሩ ይነሣል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁ እየወረደ ሄዶ በ3 ወይም በ5 ሰከንድ ውስጥ ይጠፋል። ሾፌሩ ቤንዚን መስጫውን ረገጥ አድርጎ የያዘ እንደ ሆነ ግን አይጠፋም። ይህን ሾፌሮች «ሚኒሞ የለውም» ይሉታል፤ አነጋገሩም ትክክል ነው። ሚኒሞ ማለት መኪናው ቆሞ ሳለ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ሲሆን፥ በብዙ መኪናዎች ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በደቂቃ ከ650 እስከ 850 ዙር ያህል ነው። እግር ከመርገጫው ላይ ሲነሣ ትሮትል ቦዲ በሚባለው ዕቃ ውስጥ ያለው የአየር በር ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ የሚተነፍሰው በበሩ ዙሪያ ባለችው ጠባብ ክፍተት፥ ወይም ለዚሁ ሥራ በተዘጋጀ ትንሽ ቫልቭ በኩል በሚገባው አየር ነው። ይህችም መተንፈሻ በዘመን ብዛት ከሞተሩ በሚወጣ የዘይት ጭስና በአቧራ ትቈሽሻለች፤ ጥቁር ጥላሸት ይዞባት ትጠባለች። ሾፌሩ ሲረግጥ በሩ ስለሚከፈት አየር ያገኛል፤ ሲለቅ ታፍኖ ይጠፋል። ነገሩ ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የለውም።

መፍትሔው ማጽዳት ነው። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ የአየሩ ቱቦ ይፈታል፤ ለትሮትል ቦዲ ማጽጃ ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሽ በንጹሕ ጨርቅ እየተነከረ በሩና ዳርቻው ይጠረጋል። በካቻቢቴ መፋቅ ግን ክልክል ነው፤ ፋብሪካው የቀባውን ስስ ቅብ ያነሣዋልና። በሩ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ በጣት እየገፉ ማስገደድ ውስጡ ያሉትን ጥርሶች ሊሰብር ይችላል። ከተጸዳ በኋላ ሚኒሞው ለጥቂት ጊዜ ከፍ ቢል አያስደነግጥም፤ ኮምፒውተሩ ከቈሻሻው ጋር ተላምዶ ስለ ነበረ ከንጹሑ በር ጋር እስኪላመድ ድረስ ነው። በአንዳንድ መኪናዎችም ይህን ልምድ በመሣሪያ ማስተካከል ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ለባትሪ ነጋዴዎች የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ደንበኛው አዲስ ባትሪ ገዝቶ ያስገባል፤ በዚያው ዕለት መኪናው እየተነሣ መጥፋት ይጀምራል፤ ደንበኛውም «የሸጣችሁልኝ ባትሪ ብልሹ ነው» ብሎ ይመለሳል። ባትሪው ግን ሞተሩን አስነሥቷልና ሥራውን ፈጽሟል። የሆነው ነገር አሮጌው ባትሪ ሲፈታ ኮምፒውተሩ በወራት ያጠራቀመውን የሚኒሞ ልምድ መርሳቱ ነው። በሩ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ችግር አይታይም ነበር፤ የቈሸሸ ስለ ሆነ ግን አስቀድሞ የተሸፈነው ጕድለት ተገለጠ። እንዲህ ያለውን ደንበኛ ተከራክሮ ከመመለስ ይልቅ ትሮትል ቦዲውን እንዲያስጠርግ መንገር ባትሪውንም ደንበኛውንም ያተርፋል።

የመተንፈሻው መዘጋት ሞተሩን እንደሚያጠፋው ሁሉ፥ ባልታሰበ ቦታ አየር መግባቱም እንዲሁ ያጠፋዋል። አንድ የጎማ ቱቦ ደርቆ ሲሰነጠቅ ሳይለካ የገባው አየር ድብልቁን ያቀጥነዋል። ፉጨት የሚመስል ድምፅ በኮፈኑ ሥር ከተሰማ፥ ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች አንድ በአንድ በፒንሳ ቀስ አድርጎ መጨበጥ ይበቃል፤ በአንደኛው ላይ የሞተሩ ድምፅ ከተስተካከለ ጥፋተኛው እርሱ ነው። ወደ ፍሬኑ የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ሳይመረመር መታለፍ የለበትም። ከአየር ማጣሪያው ቀጥሎ የተቀመጠው የአየር መጠን መለኪያ ሴንሰርም አቧራ ሲይዘው ውሸት ይናገራል። እርሱን ለመፈተን ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ሶኬቱን ነቅሎ እንደገና ማስነሣት ነው፤ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ በግምት ይሠራልና፥ ሞተሩ ሳይጠፋ ከቈየ ጥርጣሬው ወደ ሴንሰሩ ይሄዳል። ይህንንም ቢሆን ከመግዛት አስቀድሞ ለእርሱ ተብሎ በተሠራው ማጽጃ ማጠብ ይቀድማል፤ በጨርቅ ግን አይነካም።

ካርቡራቶር ላላቸው የቀድሞ መኪናዎች የአገሩ ከፍታም ይታሰባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ፥ አየርዋ ከጅቡቲ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ካርቡራቶር ይህን አያውቅም፤ በባሕር ዳርቻ የሚሰጠውን የቤንዚን መጠን ሊሰጥ ይሞክራል። ስለዚህ በቈላ የተስተካከለ ሞተር ደጋ ሲወጣ ድብልቁ ይወፍራል፤ ካንዴላዎቹ ጥቁር ጥላሸት ይለብሳሉ፤ ሞተሩም በሚኒሞ መቆየት ያቅተዋል። በብልሃተኛ መካኒክ እጅ የሚኒሞውንና የድብልቁን ብሎን ማስተካከል፥ ካስፈለገም አነስ ያለ ቀዳዳ ያለው ዥግለር ማስገባት ይበቃዋል። ኮምፒውተር ያላቸው ግን የአየሩን ግፊት ራሳቸው እየለኩ ስለሚያርሙ ይህ ችግር አይነካቸውም።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ አንድ ወይም ብዙ ደቂቃ በሰላም ሠርቶ፥ በተለይም ጉልበት ሲጠየቅ እየተንቀጠቀጠ የሚጠፋ ከሆነ፥ ነዳጁ እየተቋረጠበት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወዲያው የቤንዚን ፖምፓ ይገዛል፤ ፖምፓ ግን የመጨረሻው ተጠርጣሪ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም። በመጀመሪያ የሰልባትዮው ክዳን ይከፈት። ከሰልባትዮው ቤንዚን በተወሰደ ቍጥር በፈንታው አየር መግባት ስላለበት፥ የአየሩ ማስገቢያ ከተደፈነ ውስጡ አየር አልባ እየሆነ ቤንዚኑን አልለቅም ይላል። ክዳኑ ሲከፈት ከውጭ ወደ ውስጥ አየር እየሳበ «እስስ» ካለና ሞተሩ ከዚያ በኋላ ካልጠፋ፥ ሕመሙ ተገኘ። ቀጥሎ ፊልትሮው ይታያል። በዝናብ ወራት ደግሞ ቤንዚኑ ራሱ ይመርመር፤ ጥቂት ቤንዚን በብርጭቆ ቀድቶ ለአንድ ሰዓት ያህል ማስቀመጥ ነው፤ ውሃ ካለበት ከብርጭቆው ሥር ተለይቶ ይታያል። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ከተገኘ የፖምፓው ግፊት በመለኪያ ይለካል። በብዙ የኢንጀክሽን መኪናዎች 3 ባር ገደማ መሆን ሲገባው፥ ትክክለኛውን ቍጥር የመኪናው መጽሐፍ ይናገራል። መለኪያ የሌለው ጋራዥ ስለ ፖምፓ የሚሰጠው ፍርድ ግምት ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰለው የጭስ መውጫው መዘጋት ነው። በማርሚታው መንገድ ላይ ያለው ካታሊስት የተባለው ማጣሪያ ቀልጦ ወይም ተሰባብሮ ሲዘጋ፥ ሞተሩ የተቃጠለውን ማስወጣት ስለማይችል አዲሱን ማስገባት ያቅተዋል። በኋላ በኩል የሚወጣው ጭስ ድካም ያለበት መሆኑ በእጅ መዳፍ ይታወቃል።

የጭነት መኪና ያላቸው ነጋዴዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሠሩት ናፍጣ ስለ ሆነ ስለ እርሱም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በናፍጣ ሞተር ላይ የሚያቃጥለው የታመቀ አየር ሙቀት እንጂ የካንዴላ ብልጭታ ስላልሆነ፥ ተነሥቶ ሲጠፋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው በናፍጣው መሥመር ውስጥ የገባ አየር ነው። በተለይም ትናንት ፊልትሮ ተለውጦ ዛሬ ጧት ከተነሣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ የጠፋ እንደ ሆነ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያሻም፤ በፖምፓው ውስጥ የቀረችውን ናፍጣ ጨርሶ አየሩ ላይ ደርሷል። በፊልትሮው ራስ ላይ ያለው የእጅ ፖምፓ እየተጫኑ የአየር ማስወጫውን ብሎን ላላ ማድረግ፥ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ ብቻ ሲወጣ ማጥበቅ ነው። አየሩ በየጧቱ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ ግን ከሰልባትዮ እስከ ፊልትሮ ባለው ቱቦ ላይ ስንጥቅ አለ ማለት ነው። በዘመናዊዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄዱትን የብረት ቧንቧዎች ሞተሩ እየሠራ መፍታት ለሕይወት ያሰጋል፤ በውስጣቸው ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ሊበልጥ ስለሚችል ናፍጣው ቆዳ በስቶ ይገባል።

በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፥ በአውሮፓም ለቤንዚን መኪናዎች ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተደነገገ 16 እግር ያለው ሶኬት ከመሪው በታች ይገኛል። በዚህ በኩል ኮምፒውተሩ የመዘገበው የብልሽት ቍጥር ይነበባል። መሣሪያው መልካም ነው፤ አነባበቡ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። ለምሳሌ ፒ0171 የሚለው ቍጥር የሚናገረው ድብልቁ መቅጠኑን ብቻ ነው። ያቀጠነው የተሰነጠቀ ቱቦ፥ የቈሸሸ ሴንሰር፥ ወይም የደከመ ፖምፓ ሊሆን ይችላል። ቍጥሩን አንብቦ ወዲያው ኦክስጅን ሴንሰር የሚያስለውጥ መካኒክ፥ እውነቱን የተናገረውን ምስክር እንደ ወንጀለኛ ይቀጣል።

ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ መጠንቀቅ የሚገባባቸው ነገሮች አሉ። ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ ማዞር አይገባም፤ በመካከሉም እንዲቀዘቅዝ አንድ ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነው። በመንገድ ዳር እንደሚደረገው ቤንዚን በጠርሙስ በካርቡራቶሩ አፍ ላይ እያፈሰሱ ማስነሣት ሰው ያቃጠለ ልማድ ነው፤ እሳቱ ወደ ኋላ ሲተፋ ጠርሙሱ በእጅ ላይ ነውና። በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ሞተሩን ደጋግሞ ማስነሣትም የሚገድል ጋዝ ያጠራቅማል፤ ጋዙም ሽታ የለውም። እንዲሁም ከእንጦጦ ቁልቁለት በመሰለ መንገድ ላይ ሚኒሞው ያልተስተካከለ መኪና ይዞ መውረድ አደገኛ ነው። ሞተሩ የጠፋ እንደ ሆነ የፍሬኑ ርዳታ ከአንድ ወይም ከሁለት መርገጥ በኋላ ያልቃል፤ መሪውም ይከብዳል። በዚህ ጊዜ ፍሬኑን ደጋግሞ ሳይለቁ አንድ ጊዜ በኃይል ረግጦ መያዝ፥ የእጅ ፍሬንንም መሳብ ነው።

የመለዋወጫ ሱቅ ሠራተኛም «ፖምፓ ስጠኝ» ያለውን ደንበኛ ዕቃውን ከመደርደሪያው ከማውረዱ በፊት ጥቂት ነገር ቢጠይቀው ጥሩ ነው። ሞተሩ ስንት ሰከንድ ሠርቶ ይጠፋል? ቤንዚን መስጫው ሲረገጥስ ይቆያል? ጧት በብርድ ብቻ ነው ወይስ ከሞቀም በኋላ? በዚህ ሳምንት ባትሪ፥ ፊልትሮ ወይም ሌላ ነገር ተለውጦለታል? ደንበኛው መልሱን ካላወቀ ወደ መኪናው ተመልሶ አይቶ ይምጣ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከተገጠመ በኋላ እንደማይመለስ የብዙ ሱቅ ደንብ ስለ ሆነ፥ እነዚህ ጥያቄዎች ደረሰኝ ከመቈረጡ በፊት እንጂ በኋላ ቢነሡ ዋጋ የላቸውም።